የኤውላልያ ፎቶግራፍ

የፎቶግራፍ አንሺው የሲፕሪያኖ ጭንቅላት በገዛ ካሜራው ማቆሚያ ተፈርክሶ፣ ደሙ ከፎቶ ማጠቢያው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። መርማሪ ኡሩቲያ ባቡር ተሳፍሮ የመጣው «የማሳይህ ፎቶ አለኝ፤ ቶሎ ድረስ» ብሎ ሟቹ ስለጠራው ነው። የደረሰው ግን ለሬሳው ሆነ።

ውጭ የገበያው ሰው ገመድ ይዞ ይጮሃል። «አውጧት! ገዳይዋን ስጡን!»

ገዳይ የተባለችው ቶሪቢያ ናት። ትናንት የሦስት ዓመት ልጇን ኤውላልያን ቀብራለች። ሕፃኗ በአገሩ ደንብ መሠረት የአበባ አክሊል ደፍታ ሬሳዋ ፎቶ ተነስቷል፤ ሲፕሪያኖ ግን ፎቶውን አልሰጥም አለ። ዛሬ ጠዋት ቶሪቢያ ገበያ መሃል «ራስህን ነው የምፈጠፍጥልህ!» ስትለው አገር ሰምቷል። እኩለ ቀን ላይ ደም በደም ሆና ሬሳው ላይ ተደፍታ ተገኘች።

«ገድለሽዋል?» አላት ኡሩቲያ።

«ወድቆ ነው ያገኘሁት ጌታዬ! ላነሳው ስል ነው ደሙ የነካኝ። ልጄን አንዴ እንኳ ልያት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ኧረ ማን አስተምሮኝ!»

«ደግሞ ምን ይጠየቃል?» አለ ዶን ኤልዮዶሮ፣ የሕፃኗ አጎትና የክርስትና አባት። የቶሪቢያ ባል የነበረው ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እርሻውን የያዘው እሱ ነው። «ሴትዮዋ አብዳለች። ለሕዝቡ ስጧትና እንገላገል።»

ኡሩቲያ የዱባ ፍሬ እየቆረጠመ መደርደሪያውን ቃኘ። ከመቶ በላይ ፖስታ አለ። ፎቶ ከሚታተምባቸው የመስታወት ኔጌቲቮች የተሰባበሩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቶሪቢያ ሠርግና የኤውላልያ ክርስትና።

«ባለቤትዎ በፖስታው ላይ ስም የሚጽፉት በምን ነበር?» ሲል የሟቹን ሚስት ሌኦካድያን ጠየቃት።

«የሕያዋንን በጥቁር እርሳስ፣ የሙታንን በቀይ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው።»

ኡሩቲያ ሦስቱንም ሬሳው ወዳለበት ጨለማ ክፍል አስገብቶ፣ የመስኮቱን መጋረጃ ዘግቶ ፎቶ የሚታጠብበትን ቀይ መብራት አበራ። ከመደርደሪያው አንድ ፖስታ መዘዘ።

«ዶን ኤልዮዶሮ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

«ምኑን? ባዶ አይደል እንዴ!»

መርማሪው መጋረጃውን ገለጠው። የቀን ብርሃን ሲገባ ፖስታው ላይ ቀይ ጽሕፈት ታየ፤ «ኤውላልያ ባራሃስ»።

«ገዳዩ መጋረጃውን ቢገልጥ ገበያተኛው ያየዋል» አለ ኡሩቲያ። «ስለዚህ በቀይ መብራት ፈለገ። ቀይ እርሳስ ደግሞ በቀይ መብራት አይታይም። ባራሃስ የሚለው የቤተሰባችሁ ስም ያለባቸውን ብቻ ለይቶ ሰበረ፤ ማንበብ ይችላል ማለት ነው። ቶሪቢያ አትችልም። እመቤት ሌኦካድያ የቀዩን እርሳስ ነገር ያውቃሉ፤ ባዶ ነው ብለው አያልፉትም። ማን ቀረ?»

«እኔ በሕፃን ፎቶ ምን አገባኝ!»

ኡሩቲያ ኔጌቲቩን ወደ ብርሃኑ አነሳው። ጥብጣቡ በተፈታው የሕፃኗ አንገት ላይ የአራት ጣት ምልክት አለ።

«በደንቡ ሕፃን ለቀብር የሚያለብሰው የክርስትና አባት ነው፤ ያለበስካት አንተ ነህ። አንገቷን በጥብጣብ ሸፈንከው፤ ሲፕሪያኖ ግን ፈትቶ አነሳት። ፎቶውን አልሰጥም ማለቱን ስትሰማ እንዳወቀብህ ገባህ። የእርሻው ወራሽ እሷ ነበረች።»

ኤልዮዶሮ መስታወቱን ሊሰብር ዘሎ ተወረወረ። ከኡሩቲያ በፊት የደረሰችው ቶሪቢያ ናት። ጉሮሮውን በሁለት እጇ አንቃ ከግድግዳ ጋር አላተመችው፤ በር ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ገብተው ጣቶቿን አንድ በአንድ እስኪያላቅቁ ድረስ አለቀቀችውም።

ፖስታው ውስጥ ሌላ ኔጌቲቭ ነበር። እዚህኛው ላይ ጥብጣቡ ታስሯል፤ ልጅቷ የተኛች ትመስላለች። ሌኦካድያ ከሱ ጋር የነበረችውን የባሏን ብጣሽ ወረቀት ለቶሪቢያ አነበበችላት። «ይህ ለእናቷ። መርማሪው ካየ በኋላ ይሰጣት። ሌላኛውን እንዳታይ አደራ።»

ቶሪቢያ መስታወቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት በሰው ፊት…» አለች። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሲፕሪያኖን ፊት በሻሿ ትጠርግ ጀመር።