የዲያቆን ቀይ ቁንጮ

ኦዜላ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ እዚሁ በደቡብ ጆርጂያ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ባለው የቀይ አፈር መንገድ ዳር ነው። ከእናቷና ከአያቷ ከአባባ ሮስኮ ጋር ትኖራለች። ልጆች፣ ዘወር ዘወር አትበሉ፤ አዎ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷው ናት። ታሪኩን እንድነግራችሁ እሷ ራሷ ፈቅዳልኛለች። ለምን እንደፈቀደች መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

የአባባ ሮስኮን ዶሮዎች የማያውቅ በዚህ ሰፈር የለም። ሁሉም ገብስማ ናቸው። ዘሩን አባባ ሮስኮ ከእናታቸው ነው የወረሱት። ከሁሉም የሚበልጠው አውራው ነበር። ደረቱን ነፍቶ፣ ቀስ እያለ፣ ሰውን በጎን እያየ ስለሚሄድ አባባ ሮስኮ «ዲያቆን» አሉት። የኛ ዲያቆኖች ይህን ሲሰሙ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም አንዱ በጣም ኮራ። በዲያቆን አናት ላይ የቆመው ቀይ ሥጋ፣ ቁንጮው፣ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! በየካቲት በሚደረገው የልጆች የዶሮ ውድድር ላይ ኦዜላ ይዛው ልትቀርብ ነበር።

በዚያ ዓመት አባባ ሮስኮ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረጉ። ስለዚህ በብርዱ ወራት ዶሮዎቹን ለኦዜላ አደራ ሰጧት። ኦዜላም ጎበዝ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ውኃ ትቀይራለች። ከጓሮ የጎመን ቅጠል ቆርጣ ትጥልላቸዋለች። ገለባውን ታገላብጣለች። አባባ ሮስኮ በመስኮት እያዩዋት ፈገግ ይላሉ።

በኛ አገር ብርድ እንግዳ ነው። ጥር ላይ እንኳ ጎመኑ ጓሮ ውስጥ ለምልሞ ይቆማል። ከዚያ አንድ ቀን «ዛሬ አመዳይ ይወርዳል» ሲባል ሰፈሩ ይሸበራል። ሱቅ ውስጥ ዳቦና ወተት ያልቃል። ሰው ሁሉ የቧንቧውን አፍ በጨርቅ ይጠቀልላል። ከቧንቧው ቀጥሎ ደግሞ የዶሮውን ቤት! የአገራችን ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው።

አባባ ሮስኮ ይህን ስለሚያውቁ ኦዜላን ጠሯት።

«ስሚ ልጄ፣ ዶሮ ካፖርቷን ለብሳ ነው የተወለደችው። ብርዱ ምንም አያደርጋትም። የሚጎዳት እርጥበት ነው። የዶሮ ቤቱን የሰሜን ግድግዳ ብቻ ሸፍኚ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ግን እንዳትነኪው። መተንፈሻቸው እሱ ነው።»

«እሺ አባባ።»

ሰሜኑን ግድግዳ ሸፍና ስትጨርስ የአጎቷ ልጅ ፔርሊን ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች።

«በቃ? ይሄ ነው መሸፈን?» አለች ፔርሊን። «የኛን እኮ ጥግ እስከ ጥግ ጠቅልለነዋል። ጉንዳን እንኳ አይገባም!»

«አባባ ከላይ ያለውን ክፍተት እንዳትነኪ ብለውኛል።»

«አባባማ ምን አለባቸው፣ ተሸፋፍነው ነው የሚተኙት! ዲያቆንስ? ለውድድሩ በረዶ ሆኖ ሊቀርብ ነው? ውይ፣ አሳዘነኝ።» ፔርሊን እየሳቀች ሄደች።

ኦዜላ ዲያቆንን አየችው። ክፍተቱን አየችው። ቃል ገብታለች። ግን ፍቅርም ፍርሃትም አንድ ላይ ሲመጡ ቃል ይረሳል። ቤት ገብታ ከቁም ሳጥን ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተሰፋውን አሮጌ ብርድ ልብስ አወጣች። ከመኖ ጆንያ ጋር አድርጋ ክፍተቱን ጠቅጥቃ ዘጋችው። እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ሞቅ ብሏል! ደስ ብሏት ገባች።

ጠዋት በሩን ስትከፍት እርጥብ አየር ፊቷን መታት። ዓይኗ ተቃጠለ። ዶሮዎቹ ሲተነፍሱ ያደሩት እንፋሎት መውጫ አጥቶ በግድግዳው ላይ እየወረደ ነበር። ገለባው ረጥቧል። ዶሮዎቹ ያነጥሳሉ። ዲያቆንማ ቆጡ ላይ አንገቱን ቀብሮ ተቀምጧል። ያ የሚያምር ቁንጮ ጫፍ ጫፉ ነጥቷል። እርጥበት የነካውን ሥጋ ውርጭ ይበላዋል፣ ልጆች።

ኦዜላ ብርድ ልብሱንና ጆንያውን ጎትታ አወጣች። ገለባውን ቀየረች። ይኼኔ የአባባ ሮስኮ መስኮት ተከፈተ።

«ኦዜላ! ክፍተቱ ክፍት ነው አይደል?»

«አዎ አባባ፣ ክፍት ነው።»

በዚያች ደቂቃ ክፍት ነበር። አያችሁ? እውነት የሚመስል ውሸት ማለት ይህ ነው። ከተራ ውሸት የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ለተናገረው ሰው ራሱ እውነት ይመስለዋል።

ዶሮዎቹ ንጹሕ አየር ሲያገኙ ዳኑ። የዲያቆን ቁንጮ ግን በውድድሩ ቀን ጫፉ ሁሉ ጠቁሮ ነበር። ኦዜላ ምን አደረገች መሰላችሁ? እናቷ ለፋሲካ ብቻ የምትቀባውን ቀይ ሊፕስቲክ ከመሳቢያ አወጣች። ጥቁሩን ጫፍ አንድ በአንድ ቀባችው። በላዩ ላይ ቫዝሊን ለቀለቀችበት። ቫዝሊን ሁሉም ይቀባል፤ አይከለከልም። ቀለም ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ኦዜላ ይህን ታውቃለች። ዲያቆንም ዝም ብሎ ተቀባ፣ ምስኪን።

በውድድሩ አዳራሽ አባባ ሮስኮ በምርኩዝ እየተደገፉ ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ከቤት ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለአጠገባቸው ሰው ሁሉ «የልጅ ልጄ ናት፣ ብቻዋን ነው የጠበቀቻቸው» ይላሉ።

ዳኛዋ እትዬ ማቪስ ነበሩ። እያንዳንዱን ልጅ ዶሮውን አስይዘው ይጠይቃሉ። የኦዜላ ተራ ደረሰ። የዲያቆንን ክንፍ ዘርግተው አዩ፤ እግሩንም ደረቱንም መረመሩ።

«እስቲ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ በዚያ አመዳይ ቀን እንዴት ጠበቅሻቸው?»

መልሱን በቃሏ ታውቀዋለች። «ሰሜኑን ግድግዳ መሸፈን ነው። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ግን አለመንካት። እርጥበቱ በዚያ ይወጣል።»

«ጎሽ!» አሉ እትዬ ማቪስ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ሰማችሁ? ዛሬ ስንት የተበላ ቁንጮ አየሁ! ይህ ግን ቀይ ነው። ምክንያቱም ይህች ልጅ የታላላቆቿን ቃል ሰምታለች።» የአንደኛነቱን ሰማያዊ ሪባን አነሡ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አባባ ሮስኮ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ያን ጊዜ ኦዜላ አያቷን አየቻቸው። ሪባኑን እንዴት እንደፈለገችው እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ያ እንባ የመጣው ባልሠራችው ሥራ ነበር።

«እትዬ ማቪስ፣ ይቆዩ» አለች። «እሱን የተናገሩት አባባ ናቸው። እኔ አልሰማኋቸውም። ክፍተቱን ዘጋሁት። ቁንጮው ጠቁሯል። ይሄ… ይሄ የእማማ ሊፕስቲክ ነው።»

እትዬ ማቪስ በጣታቸው ቁንጮውን ነኩት። ጣታቸው ቀይ ሆነ። ሪባኑን ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው መለሱት።

«ሕግ ሕግ ነው፤ ዲያቆን ከውድድሩ ወጥቷል» አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው «ማንም አላወቀብሽም ነበር እኮ» አሏት።

«እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለች ኦዜላ።

አያቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። የምርኩዙ ድምፅ ወደ እሷ ሲመጣ ሰማች።

«ክፍተቱን በምን ዘጋሽው?» አሉ አባባ ሮስኮ።

«በብርድ ልብስ።»

«በየትኛው ብርድ ልብስ?»

«በቁርጥራጭ ጨርቅ በተሰፋው።»

«የእናቴን? ዶሮ ቤት ውስጥ? ጉድ ፈላ!» አባባ ሮስኮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእጅሽ ታጥቢዋለሽ። ማሽን አይነካውም።»

«እሺ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።» አሁን እያለቀሰች ነበር።

አባባ ሮስኮ ምርኩዛቸውን ወደ አንድ እጃቸው አደረጉና በሌላው አቀፏት፤ ዲያቆንንም ጨምረው። ጮክ ብለው ተናገሩ፤ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ነው።

«እኔ ዕድሜ ልኬን እዚህ ዶሮ ይዤ ስመጣ ኖሬአለሁ። ሪባን ሳጥን ሙሉ አለኝ። አንዱም እንደ ዛሬ አላኮራኝም። የተበላ ቁንጮ ለጫጩት አይተላለፍም፣ ልጄ፤ የዲያቆን ልጆች ሙሉ ቁንጮ ይዘው ነው የሚፈለፈሉት። የእናቴን ዘር እስከ ዛሬ ማንንም አስመርጬ አላውቅም። በዚህ ፀደይ የሚታቀፈውን እንቁላል የምትመርጪው አንቺ ነሽ።»

ሪባኑን ማን ወሰደው? ፔርሊን ናት! ዶሮዋ ቁንጮዋ አጭር ስለሆነ ምንም አልሆነችም። ፔርሊን ግን ያን ቀን አላሾፈችም። ወደ ኦዜላ ጠጋ ብላ «የኛዎቹ ሁሉ ያነጥሳሉ፤ መጥተሽ ታይልኛለሽ?» አለቻት። ኦዜላም እንባዋን ጠርጋ ሄደች፤ እነ ፔርሊን ክፍተቱ ላይ የጠቀጠቁትንም አብረው ነቀሉት።

አሁን ኦዜላ ይህን ታሪክ ለምን እንደፈቀደችልኝ ገባችሁ? አታፍርበትምና ነው። እኔም፣ አባባ ሮስኮም፣ ይህ ቤተ ክርስቲያንም እንኮራባታለን።

ልጆች፣ ጥፋቱን በገዛ አፉ የሚናገር ልጅ ሪባን ቢያጣም የቤተሰቡ ኩራት ነው።