የጠዋቱ ዓረፍተ ነገር

«ጻፊልኝ አልኩሽ!» አለች ናሬ፣ እስክሪብቶውን እህቷ ላይ ወርውራ።

ቦራም ከወለሉ አነሳችው። ናሬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቦራም ደግሞ አሥራ አራት። እናታቸው ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት ስለሄደች በጆንጁ ከተማ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የናሬ የደም ካንሰር በኬሞ ሕክምና ጠፋ ተብሎ ነበር። በረቀቀ ምርመራ ሲታይ ግን ጥቂት ሕዋሳት ተደብቀው ቀርተዋል። ስለዚህ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ጀመረች፤ የታመመውን ሕዋስ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከትንሽ ፓምፕ ሌት ተቀን ወደ ደም ሥሯ ይገባል። መድኃኒቱ አንጎልን ሊነካ ስለሚችል በየጠዋቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፦ «ቀዝቃዛ ኑድል እወዳለሁ።» ነርሷ ጽሑፉን ከትናንቱ ጋር ታስተያያለች።

ዛሬ እጇ ይንቀጠቀጣል። የሩዝ ገንፎዋን ስትበላ ማንኪያው ሁለቴ ወድቆባታል።

«የእማዬን ፊርማ ስንቴ አስመስለሽ ፈርመሽልኛል! ይሄ ምን ይከብድሻል?»

«ያ የትምህርት ቤት ወረቀት ነበር! ይሄ ጭንቅላትሽ ነው፤ አብደሻል እንዴ?»

«ካዩ መድኃኒቱን ያቆሙብኛል። ካቆሙብኝ ደግሞ...» ቃሉ ጠፋባት። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ቦራም ደነገጠች፤ ድንጋጤዋ ግን ንዴቷን አባሰው። ናሬ ከታመመች ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ዝም ብላለች። ልደቷ ሲረሳ ዝም። እናቷ እሷን «ናሬ» ብላ ስትጠራት ዝም። አሁን ደግሞ የምትፈለገው ለውሸት!

ሲስተር ጉ በሩን ከፍታ ገባች። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ ጨረስሽ?»

ናሬ እህቷን በዓይኗ ለመነቻት። ቦራም ጎንበስ ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ለነርሷ ሰጠቻት። የናሬን ጽሕፈት አላስመሰለችም፤ የጻፈችው በራሷ ዘመም ባለ ፊደል ነበር። «ከቁርስ ጀምሮ እጇ ይንቀጠቀጣል። ቃላትም ይጠፉባታል። ቦራም።»

ነርሷ ወዲያው ፓምፑን አቁማ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ መርምሮ መንቀጥቀጡ ካለፈ መጠኑን ቀንሰው ሊቀጥሉ እንደሚችሉ ተናገረ። «ሊቀጥሉ እንደሚችሉ» ነው እንጂ «እንደሚቀጥሉ» አላለም።

እሱ እንደወጣ ናሬ ጮኸች። «ከሃዲ! ውጪልኝ! ዓይንሽን ማየት አልፈልግም!»

«ጩኺ» አለች ቦራም፤ ፊቷ እሳት መስሏል። «እስኪበቃሽ ጩኺ። እማዬ እስክትመጣ የትም አልሄድም።»

ወንበሩን ጎትታ አልጋው አጠገብ አመጣችና፣ ጀርባዋን ለእህቷ ሰጥታ ተቀመጠች።