ክሬይል በቀዳዳው አልገባችም

የመጀመሪያው ድንጋይ ያረፈው ክሬይል ላይ ነበር። ክሬይል በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ ያለች ጥንታዊ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ዛሂራና የክፍል ጓደኛዋ ሌራቶ ለቅርስ ፕሮጀክታቸው በሳሙና ካርቶን ሠርተዋት፣ ጣሪያዎቿን ቀይ ቀብተው፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ሰፈር ባለው የዛሂራ አባት ሱቅ ባንኮኒ ላይ ካስቀመጧት አምስት ደቂቃ አልሞላም። ድንጋዩ ወደቧን ደረመሰው። ሁለተኛው የዛሂራን አጎት የሽኩርን ቅንድብ ተረተረው።

ከዚያ «የውጭ ሰዎች ይውጡ!» የሚል ሰው ግር ብሎ ገባ። አንዱ ፍሪጁን በብረት አደቀቀው። ሽኩር ሁለቱን ልጆች ከጀርባው ሸሸገ፤ ብረቱ ክንዱ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ቋ ሲል ዛሂራ ሰማች። ሌራቶ በዙሉኛ ስማቸውን እየጠራች ለመነቻቸው፤ አንዱ በጥፊ አጮላት። ዱቄትና ዘይት ከደም ጋር ተለወሰ። ምን ዓይነት ጉድ ነው! እነዚህ እኮ ጠዋት «ሳውቦና» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ዳቦ የገዙ ጎረቤቶች ናቸው።

አባቷ አብዱልመጂድ ዕቃ ሊያመጣ ከሄደበት ከጀፕ የጅምላ ገበያ ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። መጀመሪያ ያየው ግን የብረት በሩን ነው። አልተገነጠለም፤ በቁልፍ ተከፍቷል። እዚህ ሰፈር ያለ ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ በፍርግርጉ ቀዳዳ ይሸጣል እንጂ፣ ገበያ ላይ እያለ በሩን ለእናቱ ልጅም አይከፍትም።

«ቁልፉ የት አለ?» አለው ሽኩርን።

«ጠፋብኝ» አለ ሽኩር፣ የተሰበረ ክንዱን ደግፎ።

አብዱልመጂድ ስድስት ዓመት የለፋበትን እንዳስበላው ነገረው። ክንዱ በጀሶ እንደታሰረ ሻንጣውን ይዞ እንዲወጣም አዘዘው።

ቁልፉ የዛሂራ ዩኒፎርም ኪስ ውስጥ ነበር። ክሬይል በቀዳዳው አልገባ ስትላት፣ «አንድ ደቂቃ ነው» ብላ የከፈተችው እሷ ናት። ሽኩር አይቷታል። አሁንም በዓይኑ ዝም በይ ይላታል።

ፈራች፤ በጣም ፈራች። በራሷም ተናደደች። ለፕሮጀክቱ ባነበበችው መሠረት ስኮትላንድ ውስጥ ያረጀ በር እንኳ በሕግ ይጠበቃል። የአባቷን በር የሚጠብቀው ይህ ቁልፍ ብቻ ነበር።

ሽኩር በአንድ እጁ ልብሱን መሰብሰብ ጀመረ። ሸሚዙ ከእጁ ወደቀበት።

ዛሂራ በተጨፈለቀችው ክሬይል ላይ ተራምዳ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ እሱን ተወው» አለችና መዳፏን ዘረጋችለት። ቁልፉ እዚያ ነበር።