የምንጩ ቤተ መቅደስ ደጃፍ

«የፈሩት ይደርሳል» የሚሉት ነገር ራስሚኒን ያገኛት ከፏፏቴው አጠገብ ባለ ምግብ ቤት፣ መዝጊያው በአንዲት ጠማማ ሚስማር በሚያዝ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር።

በእሷ ግምት የወር አበባዋ የሚመጣው ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሰውነቷ ግን ግምቷን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ቀን ጠፍቶ ዛሬ! ከምሳ በኋላ እንግዶቿን ይዛ የምትሄደው ወደ ምንጩ ቤተ መቅደስ ነው፤ በባሊ ደግሞ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት የቤተ መቅደስ ደጃፍ አታልፍም። ይህን ለማወቅ የየበሩን ማስታወቂያ ማንበብ አያስፈልጋትም፤ ከእናቷ ጋር ስንት ጊዜ ከውጭ ቆማ ጠብቃለች።

አባቷ ናርታ እንግዶችን በገዛ መኪናው ሲያስጎበኝ የኖረ ሰው ነው። በቅርቡ ቅርንፉድ ሲለቅም ከዛፍ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። መኪናውን ታናሽ ወንድሙ ሱቴጃ ተረከበ። ሱቴጃ መንጃ ፈቃድ እንጂ እንግሊዝኛ አልነበረውም፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ካለ በኋላ ያለው ፈገግታ ብቻ ነው። ስለዚህ አብሮት የሚሄድ አስጎብኚ ተፈለገ፤ ሁለት ሰዎች ተገኙ። አንዷ ራስሚኒ ናት፤ ገና እግሯ መሬት ሳይነካ ጀምሮ ከአባቷ ጋር በመኪናው ስትዞር ያደገች። ሌላው የሱቴጃ ልጅ አርሳና ነው፤ በዕድሜ በሁለት ዓመት ይበልጣታል፣ በአፍ ደግሞ በሃያ። ቤተሰቡ ተማክሮ ዛሬ ራስሚኒ ትሞከር፣ አርሳናም ለእርዳታ አብሮ ይሂድ አለ። ቀኑ ካማረላት የትምህርት ቤት ዕረፍቱ ሥራ በሙሉ የእሷ ነው፤ ካልሆነላት የአርሳና።

ትናንት ማታ ራት ላይ አርሳና በሁሉም ፊት፣ «ሴት አስጎብኚ እኮ በየወሩ በር ላይ ተገትራ ትቀራለች። ያኔ እንግዶቹን ማን ያስገባቸው? ጦጣዎቹ?» ብሎ ነበር። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አባቷም ፈገግ አለ። ራስሚኒን ያንገበገባት የሌሎቹ ሳቅ ሳይሆን የእሱ ፈገግታ ነው።

ፊቷን ታጥባ ወጣች። ከምግብ ቤቱ ጎን ካለችው ሱቅ ሞዴስ ገዛች፤ ባለሱቋ ሰው እንዳያይባት ብላ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት። ጥቁር ፌስታል ደግሞ ከማንኛውም ነገር በላይ ይታያል። ተመልሳ ስትወጣ አርሳና መኪናው ላይ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር።

«እሱ ምን ነበር?» አለ በአገጩ ወደ ፌስታሉ እያመለከተ።

«የማያገባህ።»

«አትፎግሪኝ፣ ነቄ ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ፊቱ ግን እንደ መስከረም ጠዋት ፈክቷል። «ስሚ፣ አታካብጂው። ሆዴን አሞኛል በያቸውና መኪናው ውስጥ ተኝተሽ ጠብቂ። እኔ አስገባቸዋለሁ። ማንም ምንም አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… እኔ አስገባኋቸው ማለት ነዋ።»

አጎቷ ሱቴጃ የሾፌሩን በር ከፍቶ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ ነበር የተቀመጠው። ሁሉንም ሰምቷል። አርሳና ውሃ ሊገዛ ሄድ ሲል በእጁ ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ ልጄ። ጠዋት ፏፏቴው ጋ ስታወሪ እናትየዋ አፏን ከፍታ ነበር የምታዳምጥሽ። ትንሿማ ተጣብቃብሻለች። ይሄን ቀን አታበላሺው።» ግራና ቀኝ አየ። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም። አንቺም ያየሽው ነገር የለም። ሽርጥሽን አጥብቀሽ እሰሪና ግቢ። ማን ገልጦ ያያል?»

«አጎቴ! እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉኝ?»

«እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም» አለና ሞተሩን አስነሳ።

መንገዱ በሩዝ ማሳዎቹ እርከን መሃል ይጠማዘዛል። እንግዶቹ ከቤልጂየም የመጡ እናትና ልጅ ናቸው። እናትየዋ ማዳም ክሎዲን በአገሯ ጠበቃ ናት፤ ጥያቄ መጠየቅ ትወዳለች፣ መልስ ሲሰጣት ደግሞ መከራከር ትወዳለች። ልጇ ኖኤሚ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ራስሚኒ ዞር ብላ ስለ እሳተ ገሞራው ነገረቻቸው፤ አያቷ በልጅነታቸው አመዱ ሲዘንብ ዶሮዎቹ መሸ ብለው ቆጥ ላይ እንደወጡ ስትተርክ ኖኤሚ በሳቅ ሞተች። ሱቴጃ ቋንቋው ባይገባውም አብሮ ሳቀ።

አፏ ይተርካል፣ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሆዴን አሞኛል ብትል ዛሬ ታልፋለች። በሚቀጥለው ወርስ? በየወሩ ሆዷን ሊያማት ነው? ዝም ብላ ብትገባስ? ያ ምንጭ ስም ሲወጣላት የተረጨችበት ውሃ ነው። ማንም ባያያት እሷ ራሷን ታያለች። ይህን ስታስብ ፍርሃቷ ቀስ በቀስ ወደ ንዴት ተለወጠ። ምን ሰረቀች? ማንን ገደለች? እንደ ሌባ የምትደበቀው ለምንድን ነው?

ቤተ መቅደሱ በር ላይ ሲደርሱ ጠባቂው ለእንግዶቹ ሽርጥና መቀነት አደላቸው። ኖኤሚ ቢጫውን መረጠች። ማዳም ክሎዲን የእሷን ሦስት ጊዜ አሰረች፣ ሦስት ጊዜ ፈታች፤ በመጨረሻ ራስሚኒ አሰረችላት። ከዚያ ቀና አለችና ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች።

«እኔ እዚህ እቆማለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «የወር አበባዬ መጥቷል። በእኛ ሥርዓት በዚህ ጊዜ ወደ ውስጥ አልገባም። አርሳና ይዟችሁ ይገባል። ምን ምን እንደምታዩ አሁን እነግራችኋለሁ። ስትጨርሱ ደግሞ በታች በኩል፣ ውሃው ወደ ማሳው በሚወጣበት ቦታ ታገኙኛላችሁ። የጉብኝቱ ቀሪ ክፍል እዚያ ነው።»

አርሳና ክው አለ። «ሼም አይዝሽም እንዴ?» አለ በራሳቸው ቋንቋ፣ በጥርሱ መሃል። «በፈረንጅ ፊት!» ሱቴጃ ደግሞ ሰማዩን ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው አተኩሮ ይመረምር ጀመር፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።

ማዳም ክሎዲን ፊቷ ቀላ። «ይሄማ ግፍ ነው! በዚህ ዘመን? ነይ፣ ከእኔ ጋር ትገቢያለሽ። ማን እንደሚያስቆምሽ አያለሁ!» ብላ የራስሚኒን እጅ ያዘች።

የያዛት እጅ ሞቅ ያለ፣ የሚያዝንላትም እጅ ነበር። ራስሚኒ ለአፍታ ደስ አላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ከእሷ ወገን የቆመ ሰው አላየችም። እግሯ ግን አልተነቃነቀም። እጇን ቀስ ብላ አወጣች።

«አመሰግናለሁ፣ ማዳም። ማንም አላስቆመኝም። የቆምኩት ራሴ ነኝ።»

«ያስተማሩሽ ነገር ስለሆነ ነው እንጂ…»

«እርስዎም የተማሩት ነገር አለ፤ እኔ ግን እጅዎን ይዤ ልጎትትዎ አልሞከርኩም» አለች ራስሚኒ። «ይሄ የእኛ ደጃፍ ነው። እንዴት እንደምቆምበት እኔ አውቃለሁ። ስለቆምኩ ደግሞ ሥራዬን ለማንም አልለቅም።»

ማዳም ክሎዲን እጇን ሰብስባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ለጠበቃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አርሳና እንግሊዝኛው ገብቶታል። «ይኸው! ያልኩት ደረሰ አይደል?» አለ፣ ወደ አባቱ ዞሮ። «በር ላይ ተገትራ ቀረች። ሥራዬ ትላለች ደግሞ! ከበር ውጭ የሚቆም አስጎብኚ የት አገር ነው ያለው?»

«እዚሁ አገር» አለች ራስሚኒ። «እዚሁ በር ላይ። አያታችን የሞቱ ጊዜ አስታውስ። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ከቤታችን ሰው ቤተ መቅደስ የገባ አለ? አንተ ገብተሃል? አጎቴ፣ እርስዎ ገብተዋል?»

ሱቴጃ ሰማዩን መመርመሩን ተወ።

«አባቴ ግን አንድ ቀን ሥራ አልቀረም» አለች። «እዚች ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ‹ቤቴ ሐዘን አለ፣ እኔ አልገባም፤ እናንተ ግቡ፣ እጠብቃችኋለሁ› ይላቸው ነበር። እንግዶቹ እጁን ጨብጠውት ይገቡ ነበር። ያኔ ‹ወንድ አስጎብኚ አይሆንም› ያለ ሰው ነበረ? ራት ላይ የሳቀበት ሰው ነበረ?»

«እሱ… እሱማ ሌላ ነው» አለ አርሳና።

«ሌላነቱን ስታገኘው ንገረኝ።»

«በሉ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለ ሱቴጃ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። ለማን እንደፈረደ ከድምፁ አይታወቅም ነበር።

ራስሚኒ ምንጩ ከአሸዋው ሥር እየፈላ የሚወጣበትን ቦታ፣ ሰዎች ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው የሚገቡበትን የመታጠቢያ ረድፍ፣ መሻገር የማይፈቀደውን ግቢ ነገረቻቸው። ኖኤሚ ልትገባ ስትል ወደ ኋላ ተመለሰችና በጆሮዋ፣ «ግን ለምን ለሁሉም ሰው ተናገርሽ? እኔ ብሆን በእፍረት እሞት ነበር» አለቻት።

«እኔም ልሞት ነበር» አለች ራስሚኒ። «ግቢ፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው።»

ሁሉም ገብተው ብቻዋን ቀረች። በግንቡ ጥግ ጥግ ወደ ታች ወረደችና ውሃው ከቤተ መቅደሱ ሥር ወጥቶ ወደ ቦዩ በሚገባበት ቦታ ተቀመጠች። ከውስጥ የደወል ድምፅ ይሰማል። አርሳና አሁን ምን እያላቸው ይሆን? ማዳሟ ተቀይማ ቢሆንስ? ትንሽ አለቀሰች፤ ሆዷም አሁን በእውነት ቁርጠት ጀምሮት ነበር፣ ይህም አናደዳት። እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። ከተናገረችው ውስጥ መልሳ ልትውጠው የምትፈልገው ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም።

ኖኤሚ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ቀድማ እየሮጠች መጣች። ማዳም ክሎዲን ከኋላ፣ ፊቷን እንዳኮሳተረች ደረሰች። ራስሚኒ ተነስታ ሥራዋን ጀመረች። በቦዩ ላይ የተጋደመውን፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለውን ግንድ አሳየቻቸው፤ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ለአንድ ማሳ ውሃ ያካፍላል። የላይኛው ማሳ ባለቤት ከድርሻው በላይ ቢወስድ ገበሬዎቹ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ተሰብስበው እንደሚያፋጥጡት ነገረቻቸው።

«ፍርድ ቤት ነዋ!» አለች ማዳም ክሎዲን። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። ወዲያው ግን ኮስተር ብላ፣ «በበሩ ነገር አሁንም አልተስማማሁም» አለች።

«አይስማሙ። ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ጫማዎን ያውልቁ።»

ማዳም ክሎዲን ጫማዋን አወለቀች። ጠበቃዋና ልጇ ቦዩ ውስጥ እግራቸውን ነክረው ጥያቄያቸውን ሲያዘንቡት፣ አርሳና ራቅ ብሎ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ሲመሻሽ እንግዶቹን ማረፊያቸው አደረሱ። መኪናው ገና ከግቢው ሳይወጣ አባቷ ደወለ። ሱቴጃ ስልኩን አነሳ።

«ደህና ዋልን፣ ወንድሜ። እንግዶቹም ደስ ብሏቸዋል። ራስሚ ብቻ ሆዷን ትንሽ አሟት… አርሳና ነው ቤተ መቅደስ ያስገባቸው።» በመስታወቱ አይቷት ጠቀሳት፤ ያዳናት መስሎታል። «ነገም ለጥንቃቄ አርሳና ቢሄድ…»

ራስሚኒ ከኋላ እጇን ዘረጋች። «ስልኩን ይስጡኝ፣ አጎቴ።»

«ቆይ ልጨር…»

«ይስጡኝ።»

ሰጣት። አርሳና ከፊት ወንበር ዞሮ ያያታል።

«አባዬ፣ ሆዴን አሞኝ አይደለም የቀረሁት። የወር አበባዬ መጥቶ ነው። ለእንግዶቹም ነግሬያቸዋለሁ። አያቴ የሞቱ ጊዜ አንተ የቆምክባት ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው ያስጎበኘኋቸው።»

በስልኩ ውስጥ ውሻ ሲጮህ፣ የአባቷ ምርኩዝ ወለሉን ሲነካ ተሰማ።

«አጎትሽ ነገ አርሳና ይሂድ እያለ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«እናማ አርሳና ከፈለገ ይምጣ፤ እንግዶቹን በበሩ የሚያስገባ ሰው ያስፈልገኛል። እኔ ግን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ጋ ነኝ።»

የአባቷን መልስ አልጠበቀችም። ስልኩን ለአጎቷ መለሰችና የነገዎቹ እንግዶች ከየትኛው ማረፊያ እንደሚነሱ ጠየቀችው።