የጊቤ መንገድ ጎማ

«እነዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት!» አለ ዕዝራ በጣቱ እያሳየ። «ጥርሳቸው ገና አልተነካም እኮ። ለሩቅ መንገድ ከነሱ የተሻለ የት ይገኛል?»

መይሙና ጎማዎቹን አላየችም። ዓይኗ ከዕዝራ ኋላ ቆማ ነጭ ቀሚሷን ከጭቃው የምትሰበስበው እህቱ ላይ ነበር። ቆንጅት! ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች።

ዕለቱ ዓርብ ነው። የመይሙና አባት ጋሽ ሽኩር ለጁምዓ ሶላት ሄደዋል። ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው መንገድ ዳር ያለችው የጎማ ሱቃቸው እስኪመለሱ ድረስ በልጃቸው እጅ ናት። መይሙና ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ቢሆንም ጎማን ከብዙ መካኒክ አሳምራ ታውቃለች።

«ጅማ በመምህርነት ተመድቤ ሰኞ በሞተር ብስክሌት ልነሳ ነው» አላት ዕዝራ። «ቆንጅትም ከኋላዬ ተፈናጥጣ ትሄዳለች። ክረምቱን እዚያ ከርማ መስከረም ላይ ትመለሳለች። ምነው አንቺ ግን ቤታችን መምጣት ተውሽ? ቆንጅት አሟታል ብላኝ ነበር።»

«አሟታል?» አለች መይሙና።

«ቶሎ በሉ እንጂ፣ ዝናቡ ሊመለስ ነው» አለች ቆንጅት ወደ በሩ ዞራ።

የመይሙና ደም ፈላ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቆሎ ተካፍለው በልተዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ፣ ቆንጅት ከጂኦግራፊ መጽሐፏ ገንጥላ የደበቀችውን ገጽ ፈታኙ ሲቀርብባት መይሙና እግር ሥር ጣለችው። «የማን ነው?» ሲባልም ጣቷን ወደ ጓደኛዋ ቀሰረች። የመይሙና ፈተና ተሰረዘ። መስከረም ሲጠባ አንዷ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች፣ ሌላዋ ስምንተኛን ትደግማለች። ጋሽ ሽኩር ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን አልተቆጡም። ይህም ከዱላ የባሰ አቃጠላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መይሙና የተነፈሰ የጎማ ካላማዳሪያ በለጠፈች ቁጥር በቀል ስታወጣና ስታወርድ ነው የሰነበተችው። አንድ ቀን በሐሳቧ የቆንጅትን ሹሩባ በመቀስ ትቆርጣለች፣ ሌላ ቀን ቀሚሷ ላይ ቀለም ትደፋለች። አሁን በቀሉ በገዛ እግሩ ሱቋ ድረስ መጣላት።

ግድግዳው ላይ ያሉት ጎማዎች ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ መጋዘን ውስጥ የኖሩ ናቸው። አንድ ቀንም ስላልተነዱ ከላይ አዲስ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ደርቆ አልቋል። ጋሽ ሽኩር ያስቀመጧቸው ለበረባሶ ሠሪው ነው። ለሩቅ መንገድ ጎማ ለሚገዛ ሰውም ጎማውን ፊት ለፊቱ አጥፈው ውስጡን ሳያሳዩት አይሸጡም።

መይሙና መንጠቆውን አነሳችና ሁለቱንም አወረደቻቸው። ዕዝራ በአውራ ጣቱ ተጫናቸው።

«ድንጋይ ናቸው!» አለ ደስ ብሎት።

አይ ጋሼ ዕዝራ! ደህና ጎማ ሲጫኑት ሰርጎድ ይላል፤ እንደ ድንጋይ የሚጠጥረው ያረጀው ነው። መይሙና ይህን አልነገረችውም። መዋሸትም አያስፈልጋትም፣ ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል። ሁለት ሰው ከነጓዙ ተጭኖበት፣ በጊቤ ቁልቁለት ጎማው ሲግል ታያት። ከዚያ መታጠፊያው፣ ከዚያ ገደሉ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ምን ትንቀረፈፊያለሽ? እሰሪልን እንጂ» አለች ቆንጅት።

መይሙና ገመድ አምጥታ ጎማዎቹን አሰረች። «የጋሽ ሽኩር ልጅ ካሰረችልኝ ምን አስጨነቀኝ» አለ ዕዝራ እየሳቀ። ክፍልፋይ አልገባት ባለ ጊዜ ማታ ማታ አስቀምጦ ያስረዳት እሱ ነበር። እሱ ምን በደላት? ደግሞስ ቆንጅት ገደል ብትገባ ሰው ሁሉ ደረቱን እየደቃ ያለቅስላታል። መይሙና ግን ዕድሜ ልኳን አጭበርባሪ እንደተባለች ትቀራለች። ከቆንጅት በቀር እውነቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

ገመዱን ፈታችው። አንዱን ጎማ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አጠፈችው። ውስጡ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጠቀ።

ዕዝራ ሳቁ ጠፋ። «ይህን ነው ይዤ ጊቤን ልወርድ የነበረው?»

«አዎ፣ ጋሼ። አውቄ ልሸጥልዎ ነበር።»

«ለምን? ምን አድርጌሽ?»

«እርስዎ ምንም። ምክንያቱን ቆንጅት ትንገርዎ።»

የቆንጅት ፊት አመድ መሰለ። «እኔ...» አለችና ወደ በሩ አፈገፈገች።

«ጅማ ሁለት ቀን መንገድ ነው» አለቻት መይሙና። «ለመናገር ይበቃሻል።»

ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጡ ሁለት ጎማዎች ጎትታ አወጣች። መልካቸው አያምርም፤ ጎናቸው ግን ወፍራም ነው፣ ጥርሳቸውም ጭቃ ይዞ አይቀርም። አንድ በአንድ አጥፋ ውስጣቸውን ለዕዝራ አሳየችው። ትርፍ ካላማዳሪያም ጨመረችለት። በሕይወቷ እንዲህ ተጠንቅቃ ጎማ መርጣ አታውቅም።

አንዱን ዕዝራ ተሸከመ። ሌላውን መይሙና አንስታ ከነአቧራው በነጩ ቀሚስ ላይ ለቆንጅት አስታቀፈቻት። ቆንጅት አልተቃወመችም።

«በደህና ግቢ» አለቻት መይሙና ዓይን ዓይኗን እያየች። «በደህናም ተመለሺ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዳይሬክተሩ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ወንድምና እህት ዳገቱን ወደ ፒያሳ ወጡ። ከዓይኗ እስኪሰወሩ ድረስ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ ንዴቷ አልበረደም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ የአባቷን ቢላዋ አነሳች። በረባሶ ሠሪው እስኪመጣ አልጠበቀችም። ሁለቱን አሮጌ ጎማዎች፣ እጇ እስኪዝል ድረስ፣ ከጎን እስከ ጎን ቀደደቻቸው።