በሁዳዴ የጮኸው ዘፈን

ተስፋው የሞተው በገዛ መኪናው ውስጥ ተቆልፎ፣ የእጆቹ አንጓ እስኪላጥ በሩን ሲደበድብ አምሽቶ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ እናቱ ግቢ ጥግ ካለው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ጠዋት ሲያገኙት አፉን የመስታወቱ ጫፍ ላይ ለጥፎ ነበር። ሰውዬው ክፉ ነበር፣ እውነት ነው። እንዲህ ያለውን ሞት ግን ለጠላትም አይመኙትም።

ኢንስፔክተር ደስታነሽ ሬሳው ከወጣ በኋላ አሮጌዋ ፒክአፕ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የውስጥ መክፈቻውን ሳበችው፤ ባዶውን ተንቀሳቀሰ። መስታወቱን ልታወርድ ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። ካቻቪት አስመጥታ የሁለቱንም በሮች ልባስ ፈታች። የመክፈቻው ዘንግ ተነቅሏል፤ ከመስታወቱ ሥር የተጠረበ እንጨት ተሸጉጧል። የቀኙ ስፒከር ገመድ አሰካኩ የግራው ተገላቢጦሽ ነው፤ እንደነበረው መልሳ ሰካችው። ዝገት የበላው ወለል ሥር አጎንብሳ አየች፤ ተጠርጎ ያላለቀ አመድ አለ።

«ከሥር ከሰል አነደዱበት፣ ከላይ ቆለፉበት» አለች። «እንደ ቋንጣ አጭሰው ገደሉት።»

ደስታነሽ ምላሷ ለሞተም ለቆመም አይመለስም።

እሷ ይህን ስታይ ጁማ ታስሮ ነበር። ጁማ ቡሬ ላይ ቴፕና ስፒከር የሚጠግን ሰው ነው። የተስፋው መኪና የግራ በር ስፒከር ድምፁ ጠፍቶ፣ የቀኙ ይንጫረር ነበርና አንድ ጊዜ ጠግኖለት እንደገና ሲበላሽ፣ ተስፋው ገበያ መሃል በጥፊ አጩሎታል። በሞተበት ቀን ጁማ ሁለቱንም በአዲስ ለወጠለት። በዚያው ምሽት ደግሞ ፍኖተ ሰላም፣ እህቱ ዙለይካ ቤት አደረ። በር መፍታት ያውቃል፣ ቂም አለው፣ እዚሁ አድሯል፤ ለከተማው ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

የተስፋው ታላቅ ወንድም ታከለ ደግሞ ሬሳው ፊት ጠብመንጃውን ከፍ አድርጎ ማለ። «ሰልስቱ ሳይወጣ የወንድሜን ደም እመልሳለሁ!» እናታቸው ወይዘሮ እህተ ማርያም «ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» አሉት። እንግዲህ ጁማ ቢፈረድበት ገመድ፣ ቢለቀቅ ጥይት ነው የሚጠብቀው።

ደስታነሽ እስር ቤት ገብታ ፊቱ ቆመች።

«በጥፊ መትቶሃል አሉ።»

«መትቶኛል።»

«አልተናደድክም?»

«እንዴት አልናደድ! ሥራዬን ግን ሠራሁ። የተቃጠሉትን አውጥቼ አዲስ ገጠምኩ፣ ፕላሱን በፕላስ፣ ማይነሱን በማይነስ። ከበሩ ልባስ ሥር ያለውን ላስቲክ በጥቁር ማስቲሽ መልሼ ለጠፍኩ። የበገና ካሴት ሲከፍት የሱቄ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ወላሂ!»

«የአንዱ በር ገመድ ቢገለበጥስ?»

«ሁለቱም ይጮኻሉ። ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። የጣሳ ጩኸት ይሆናል።»

ከዚያ ወደ ቄስ ክንፈሚካኤል ሄደች። የተስፋው ጎረቤትም የነፍስ አባትም ናቸው።

«ያን ቀን ከማንኩሳ አሳፍሮኝ ነው የመጣሁት» አሉ ቄሱ። «ሁዳዴ አይደል? በገና ነበር የከፈተው። ድምፁ ደረቴ ድረስ ይገባ ነበር፤ መንገዱ አጠረኝ።»

«ማታስ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። «ማታማ… ዘፈን ነው ያስጮኸው። በጾም፣ እስክስታ! ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ። ሊነጋጋ ሲል ባትሪው ደክሞ ነው መሰለኝ፣ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ።»

«ወጥተው አላዩም?»

«ጠጥቶ ነው ብዬ… ጠዋት ቀኖና ልሰጠው አስቤ ነበር። ጎረቤቱም ሁሉ ሰምቷል። አማትበን ተኛን።»

ደስታነሽ ተነሳች። ቀጥላ ለቅሶው ድንኳን ገባች። ታከለ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«አቶ ታከለ፣ ያን ማታ የት ነበሩ?»

«ማንኩሳ ገበያ ውዬ፣ መኪና አግኝቼ ደምበጫ ወርጄ አደርኩ። ጠዋት መርዶ ነው የደረሰኝ።»

«ወንድምዎን መጨረሻ የት አዩት?»

«ማንኩሳ ላይ ከቡሬ ሲመለስ፣ ቴፑን እያስጮኸ አለፈ።»

«የጁማ ሥራ እንዴት ነበር ታዲያ?»

«ሥራ ይሉታል ይሄንን!» ታከለ ምራቁን ተፋ። «ከበሮው እንኳ አይሰማም፤ ዘፋኙ ጣሳ ውስጥ ገብቶ የሚጮህ ነው የሚመስለው። ጥፊ ሲያንሰው ነው!»

ደስታነሽ የጋቢውን ጫፍ አየት አደረገች። ያደፈ ጥቁር ነገር ተጣብቆበታል። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለችና ወጣች።

በሰልስቱ ዕለት ሁሉንም መጠለያው ፊት ሰበሰበቻቸው፤ እናትየውን፣ ታከለን፣ ቄሱን፣ ጎረቤቱን። ጁማን እጁ በካቴና እንደታሰረ አመጡት። ታከለ ሲያየው ተነሳ። አንድ ፖሊስ ከኋላው ጠብመንጃውን ቀማው።

«ቀስ! ጥይቱ ለማን እንደሚገባ እንየው» አለች ደስታነሽ። ባትሪውን አስሞልታ ነበርና የበገናውን ካሴት ከፈተች። ድምፁ ቀጭን፣ ባዶ ሆኖ ወጣ።

«ቄስ ክንፈሚካኤል፣ ከማንኩሳ ሲመጡ የሰሙት ይህንን ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

ጁማን በካቴናው እንዳለ የቀኙን በር ገመድ አገላብጦ እንዲያስገባ አደረገችው። በገናው ግቢውን ሞላው። ቄሱ «እሱ ነው! እሱ ነው!» አሉ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች። «ቄሱ ከመኪናዋ ሲወርዱ በሩም ደህና ነበር፣ ድምፁም ደህና ነበር። ማታ አንድ ሰው ዘንጉን ሊነቅልና እንጨቱን ሊሸጉጥ ልባሱን አወለቀ። ልባሱን ለማውለቅ የስፒከሩን ገመድ መንቀል ግድ ነው። መልሶ ሲሰካ የቀኙን ገለበጠው። ከዚያች ሰዓት በኋላ መኪናዋ ከዚህ አልወጣችም። የጣሳውን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ያን ማታ እዚህ ነበር ማለት ነው።»

«ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል!» አለ ታከለ።

«ጎረቤት ያን ማታ ሰማሁ ይላል። አንተ ግን ማንኩሳ ላይ፣ በቀን ሰማሁ አልክ። ማንኩሳ ላይ በገና ነበር የተከፈተው። በገና ከበሮ አለው?»

ታከለ ጋቢውን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«ከበሮና ዘፋኝ ያለበት ካሴት የተከፈተው ማታ ብቻ ነው። የከፈተውም ተስፋው ራሱ ነው። አረቄ ስለጠጣ አይደለም! በሩ እምቢ ሲለው፣ ጩኸቱ አልሰማ ሲል፣ በሁዳዴ ዘፈን ባስጮህ የሚቆጣኝ አንድ ሰው አይጠፋም ብሎ ነው። እናንተ ደግሞ አማትባችሁ ተኛችሁ።»

ቄሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ደስታነሽ የታከለን ጋቢ ጫፍ አንስታ ለሰዉ አሳየች።

«ልባሱን ስታወልቅ የተጣበቀብህ ይህ የጁማ ማስቲሽ ነው። ጁማ ከተገደለልህ ደግሞ የሚጠይቅ አይኖርም፤ አንተም ደም መላሽ ጀግና ትባላለህ።»

«በመሬት ድልድሉ ጊዜ ‹የደርግ ቢሮክራት ነበር› ብሎ መስክሮ መሬቴን ያስነጠቀኝ ማን ነው?» ታከለ ጮኸ። «የአባቴን መሬት ባዳ ሲያርሰው ቆሜ አይቻለሁ! ታረቅን አላችሁ። እኔ መቼ ታረቅኩ! ‹የቀኙ በር አሁንም ይንጫረራል፤ ግባና ዘግተህ አድምጠው› አልኩት። ገባ።»

«ሲጠራህ ሰማህ?»

«‹ወንድምዬ› አለኝ። መጠለያው በር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። ዘፈኑን ሲከፍተው ብቻ ፈራሁ፤ ሰው ይመጣል ብዬ። ማንም አልመጣም።»

ካቴናው ከጁማ እጅ ወጥቶ የታከለ እጅ ላይ ገባ። ወይዘሮ እህተ ማርያም አላለቀሱም። ልጃቸው ሲወሰድም ዞር ብለው አላዩትም። ቀስ ብለው ጁማ ፊት መጥተው ቆሙና ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት።

«ምነው፣ ምነው ገዳዩ አንተ በሆንክልኝ!» አሉት።

ጁማ የተላጠ እጁን እያሻሸ አንገቱን ደፋ። «አላህ ያጽናዎት፣ እማማ» አለና በሰዉ መሃል ወጥቶ ወደ እህቱ ቤት ሄደ።