የጥሩር ለባሹ ዓሣ ሌላኛው ፊት

ትሪግቬ የዓሣውን ግማሽ ሸለቆው ውስጥ ጥሎት መጣ፤ ፀሐይ በማትወጣባቸው ወራት ሁሉ ደግሞ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አብራው የምትኖረው ሶልቪ ያወቀችው ሣጥኑን ስትከፍት ነው። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባለችው የስፒትስበርገን ደሴት ላይ ቅሪተ አካል የሚፈልጉ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ፣ እንደ ጥሩር ጠንካራ የአጥንት ሽፋን የለበሰው የጥንት ዓሣ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ፊት አጥንቱን፣ ሌላው አሻራውን ይይዛል። ሁለቱ ፊቶች በአንድ ሣጥን አይጓዙም፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። አሻራውን ሶልቪ አሸገች፣ አጥንቱን ትሪግቬ። ክረምቱን ቤተ ሙከራ ውስጥ በራሷ ድርሻ ስትደክም ከረመችና ዛሬ የእሱን ከፈተች። ውስጡ ማሸጊያ ጆንያ ብቻ ነበር።

ቤት ስትደርስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በሹራብ ካልሲዋ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ትሪግቬ ቡናማ አይብ እየቆረጠ ነው።

«ለማን ሰጠኸው?»

«ምኑን?»

«አታድርቀኝ ትሪግቬ፤ ደክሞኛል። አጥንቱን ነዋ።»

ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ለማንም አልሰጠሁም። እዚያው ወንዙ ዳር ነው...»

«የኦስሎ ጓደኞችህ ስለ ዓሣው ሲጠይቁህ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ስለ ምን ይጠይቁኝ? ስለ ጸጉሬ?»

ራሱ መላጣ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ገና ሲተዋወቁ፣ የዓሣ ራስ በእጁ ይዞ «ራሱ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠይቋት የወደደችው በዚሁ ቀልዱ ነው።

«ትኩሳቱ ትዝ ይልሻል?» አላት። «ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ መቆም አቅቶሽ ነበር። ጭጋጉ እየወረደ ነው። አብራሪው ክብደት ቀንሱ አለን። ወይ ድንጋዩ ይቀራል፣ ወይ እኔ። እኔ ብቀር ማን ይይዝሽ ነበር?»

ሶልቪ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ስትጠረጥር የመጣችው ሌላ፣ እውነቱ ሌላ።

«ስላዳንከኝ አመሰግናለሁ» አለች። «ከልቤ ነው።»

«እንግዲያው ይቅር በይኝ።»

«ባዶውን ሣጥን ለምን ጫንከው?»

አይቡን መጠቅለል ጀመረ።

«ለምን?»

«እንዳታውቂ... ታመሽ ነበር። በኋላ እነግራታለሁ አልኩ፤ በኋላ ደግሞ ከበደኝ።»

«ሁለቱን ፊት እንዴት እንደማጋጥማቸው ማታ ማታ ስነግርህ ትሰማኝ ነበር እኮ። ‹ጎበዝ የኔ ሴት› ትለኝ ነበር።»

«ወድጄሽ ነው።»

«አውቃለሁ። ድንጋዩንማ ብትጠይቀኝ እኔም እጥለው ነበር።»

አሁንም ትወደዋለች፤ መውደዷ ራሱ አደከማት።

«በረዶው ከቀለጠ ወንዙ ይወስደዋል» አለችና ተነሣች። «ከጎረቤታችን ከጉድሩን ጋር በበረዶ ላይ በሚሄደው ሞተሯ ነገውኑ እንሄዳለን። ዛሬ እሷ ጋ አድራለሁ።»

«እኔ ነኝ ቦታውን የማውቀው። ልምጣ?»

«ካርታው ላይ ምልክት አድርግልኝ።»

እርሳስ አንሥቶ ምልክት አደረገላት።

«ስትመለሺስ?»

«ስመለስ እዚህ እንዳላገኝህ። ተጣልተን አይደለም ትሪግቬ። ከእንግዲህ እያንዳንዱን ሣጥን ከፍቼ ማየት አልችልም።»

«ድብ አይጠፋም... ጠመንጃ ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

ጫማዋን አሰረች፣ ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ አንግታ ወጣች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።